በውሰት የመጣው ነገ

በ990ዎቹ፣ በደቡብ እንግሊዝ በሰርን ገዳም ይኖር የነበረ ኤልፍሪክ የሚባል መነኩሴ ለተማሪ ልጆች የላቲን ሰዋስው ጻፈ። በዚያ ዘመን ላቲንን የሚያስተምር መጽሐፍ የሚጻፈው በራሱ በላቲን ነበር። ኤልፍሪክ ግን ልጆቹ አፍ በፈቱበት በጥንቱ እንግሊዝኛ ጻፈው። ግሱ ላይ ሲደርስ ችግር ገጠመው። ላቲን ለመቆም ሦስት መልክ አለው፤ «ስቶ» ሲል እቆማለሁ፣ «ስቴቲ» ሲል ቆምኩ፣ «ስታቦ» ሲል ወደፊት እቆማለሁ ማለቱ ነው። የኤልፍሪክ እንግሊዝኛ ሁለት ብቻ ነበረው፤ አንዱ ለአሁን፣ ሌላው ላለፈ። ለሦስተኛው የሚሆን መልክ ቢያጣ የአሁኑን ግስ እንዳለ ወሰደና አሁኑኑ ወይም አንድ ጊዜ የሚል ፍቺ ያላቸውን ቃላት ጨመረበት።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። «በየቀኑ እሄዳለሁ» የሚለውም «ነገ እሄዳለሁ» የሚለውም ግሱን አይለውጥም፤ ጊዜውን የሚለየው አጠገቡ ያለው ቃል ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነበር፤ በግሱ ቅርጽ ከተሄደ ዛሬም እንዲሁ ነው። «ዎክ» እና «ዎክድ» ካሉ በኋላ ጊዜ የሚለይ ሦስተኛ መልክ የለም። ይሁንና ከአዲስ አበባ እስከ ቶኪዮ እንግሊዝኛ የተማረ ሁሉ በደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሯል፤ ሲምፕል ፕረዘንት፣ ሲምፕል ፓስት፣ ሲምፕል ፊውቸር። ሦስተኛው ዓምድ በምን በር እንደገባ የሚናገረው ታሪክ ረጅም ነው፤ የሒሳብ ሊቅ፣ ኬሚስት፣ ጳጳስና እግሩ የከዳው ጠበቃ አሉበት። (እዚህ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓምዱ መጀመሪያ የተሰመረው እንግሊዝ ውስጥ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ላይ ያስተምር በነበረው በዲዮናስዮስ ትራክስ ስም የሚታወቀው የግሪክ ሰዋስው ግስን በአሁን፣ ባለፈና በሚመጣ ጊዜ ከፈለ። በአራተኛው መቶ ዓመት ዶናቱስ በሮም፣ በስድስተኛው ደግሞ ጵርስቅያን በቁስጥንጥንያ ያንኑ አከፋፈል ለላቲን አዋሉት። ለግሪክም ለላቲንም ልክ ነበር፤ ሁለቱም ለሚመጣው ጊዜ የራሱ የሆነ የግስ መልክ ነበራቸውና። ከዚያ በኋላ ለሺህ ዓመት ያህል ምዕራብ አውሮጳ ውስጥ ሰዋስው ማለት የላቲን ሰዋስው ማለት ሆነ። በ1540ዎቹ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በዊልያም ሊሊ ስም ከሚጠራው የላቲን ሰዋስው በቀር ሌላ በትምህርት ቤቶች እንዳይሰጥ አዘዘ። ስለዚህ በ1586 ዊልያም ቡሎካር የመጀመሪያውን የታተመ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሲያወጣ መነሻ የሚያደርገው ሌላ ነገር አልነበረውም። የሊሊን መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ እንግሊዝኛውን በዚያ መልክ አሰናዳው። እግረ መንገዱንም ራሱ ባሻሻለው የፊደል አጻጻፍ አሳተመው፤ አጻጻፉን ግን ማንም አልተከተለለትም።

መምህራኑ በላቲን ሲራቀቁ ቋንቋው ግን በገበያውና በእርሻው የራሱን መንገድ ይሄድ ነበር። ዛሬ ተማሪን የሚያስጨንቁት ነገሮች አብዛኞቹ የዚያ ጉዞ ቅሪቶች ናቸው።

ያለፈውን ጊዜ እንውሰድ። ከጥንቱ የእንግሊዝኛ ግሶች ብዙዎቹ ያለፈን ጊዜ የሚያሳዩት አናባቢያቸውን በመለወጥ ነበር፤ «ሲንግ» ዛሬም «ሳንግ» እንደሚሆነው ማለት ነው። ሌሎቹ ዛሬ «ኢ ዲ» ተብሎ የሚጻፈውን ድምፅ መጨረሻቸው ላይ ይቀጥሉ ነበር። ሁለተኛው መንገድ ለአፍም ለማስታወስም የቀለለ ነበርና ከመጀመሪያው እየነጠቀ ሄደ። «ሄልፕ» ድሮ ባለፈ ጊዜ «ሆልፕ» ነበር፤ በ1611 በታተመው በንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ሆልፕን» የሚለው መልክ እስካሁን ይነበባል። በ2007 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህን ጉዞ በቁጥር አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ከጥንቱ እንግሊዝኛ ከመደበኛው ሥርዓት ውጪ የሆኑ 177 ግሶችን ለቀሙ። በመካከለኛው ዘመን ከነዚህ 145ቱ እንደነበሩ ቆይተዋል፤ ዛሬ የቀሩት 98 ናቸው። ቶሎ የተሸነፉት ሰው እምብዛም የማይናገራቸው ናቸው። ስሌቱም ተገኝቷል፤ ከሌላው መቶ እጥፍ ያነሰ ጊዜ የሚነገር ግስ አሥር እጥፍ ፈጥኖ ወደ «ኢ ዲ» ይዞራል።

ተማሪዎች በደብተራቸው ጀርባ ገልብጠው የሚሸመድዱት የኢሬጉላር ግሶች ዝርዝር እንግዲህ ዝም ብሎ የተሰበሰበ የክፉ ዕድል ስብስብ አይደለም። በየደቂቃው ስለሚነገሩ የሰው አፍ ሊረሳቸው ያልቻለ ግሶች ናቸው። «ቢ»፣ «ሃቭ»፣ «ጎ»፣ «ሲ»፣ «ካም» በዝርዝሩ የማይታጡት ለዚህ ነው። ከሁሉም የሚያስቀው «ጎ» ነው። የራሱ ያለፈ ጊዜ መልክ «ኤዮዴ» ነበር፤ እሱ ጠፍቶ «ዌንድ» ከሚባል ሌላ ግስ «ዌንት» የሚለውን ወስዶ የራሱ አደረገው። ልጅም ሆነ ባዕድ ተማሪ «ጎድ» ብሎ ሲሳሳት ቋንቋው ሊሄድበት በሚገባው ነገር ግን ባልሄደበት መንገድ መሄዱ ነው።

በአሁን ጊዜ ከ«ሂ» እና ከ«ሺ» በኋላ የምትመጣዋ፣ ፈተና ላይ ስንቱን ነጥብ ያስጣለችው «ኤስ» ደግሞ የሰሜን እንግሊዝ ልጅ ናት። በደቡብ ይነገር የነበረው በ«ቲ ኤች» የሚጨርሰው መልክ ነበር። የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በ«ቲ ኤች»ዋ ጸኑ፤ በዚያው ዘመን ይጽፍ የነበረው ሼክስፒር ሁለቱንም እንደ ስንኙ ምት እያፈራረቀ ተጠቀመ። አሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ሲያልቅ የሰሜኗ አሸንፋ የደቡቧ ለጸሎትና ለግጥም ቀርታለች። ዋና ከተማውና ቤተ መንግሥቱ በደቡብ ሆነው የሰሜን አነጋገር መንገሡ ሊገርም ይችላል፤ ነገር ግን ቋንቋ ዋና ከተማን እየጠየቀ አይሄድም።

«ዱ» እና «ዲድ» ጥያቄ ውስጥ የገቡትም በዚያው ዘመን ነው። ቀድሞ እንግሊዛዊው ግሱን ከፊት አስቀድሞ «ኖው ዩ ሂም?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት «ዱ» በጥያቄም፣ በአሉታም፣ በተራ ዓረፍተ ነገርም ውስጥ ተሰራጨ፤ የ1611ዱ መጽሐፍ ቅዱስ «ዲድ ኢት» እያለ የሚተርከው ለዚህ ነው። በኋላ ከተራው ዓረፍተ ነገር ወጥቶ በጥያቄና በአሉታ ብቻ ተወሰነ። በየክፍሉ የሚሰማው «ዲድ ዩ ዌንት?» የሚል ስሕተት ከዚህ የሚወለድ ነው፤ ተማሪው ያለፈውን ጊዜ ሁለት ቦታ ያሳያል። አስተዋይ ስሕተት ነው። ተሳስተሃል ከመባሉ በፊት አመክንዮው ቢታይለት አይበዛበትም።

ሦስተኛው ዓምድስ? እንግሊዝኛ ነገን ለማመልከት ያገኛቸው ሁለት ረዳቶች የራሳቸው ሥራ የነበራቸው ግሶች ናቸው። «ሻል» ግዴታና ዕዳን፣ «ዊል» ፍላጎትና ፈቃድን ይናገር ነበር። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የዊክሊፍ ተከታዮች መጽሐፍ ቅዱስን ከላቲን ሲተረጉሙ ኤልፍሪክን የገጠመው ጣጣ እነሱንም ገጠማቸው፤ የላቲኑን የወደፊት ግስ ባገኙ ቁጥር «ሻል» እያሉ መለሱ። ከጊዜ በኋላ ሁለቱም ረዳቶች ጎን ለጎን ቆሙ፤ የትኛው መቼ እንደሚባል የሚወስን ሰው ግን አልነበረም።

የወሰነው ጆን ዎሊስ ነው። ዎሊስ በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ነበር፤ ዛሬ በሒሳብ መጻሕፍት የሚታየውን፣ የተኛ ስምንት የሚመስለውን የእልቆ ቢስነት ምልክት ያስተዋወቀ ሰው ነው። በእንግሊዝ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ለፓርላማው ወገን የጠላትን የምስጢር ደብዳቤ ይፈታ ነበር። በ1653 ለባዕዳን አንባቢዎች የእንግሊዝኛ ሰዋስው በላቲን ጻፈ። ከሱ በፊት የነበሩት እንግሊዝኛን በላቲን ሥርዓት ማስጨነቃቸውን ነቀፈ፤ የእንግሊዝኛ ግስ ሁለት ጊዜ ብቻ አለው ብሎም አስረግጦ ጻፈ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ብዙ ተማሪ ባረፈ። ነገር ግን የምስጢር ፈቺው ልማድ ለቀቀው ለማለት ያስቸግራል፤ ለ«ሻል» እና ለ«ዊል» ሕግ አወጣላቸው። በአንደኛ መደብ «ሻል» የሚሆነውን ብቻ ይናገራል፣ «ዊል» ቃል ይገባል ወይም ይዝታል። በሁለተኛና በሦስተኛ መደብ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ዊል» የሚሆነውን ይናገራል፣ «ሻል» ያዝዛል።

ሕጉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በየመማሪያ መጽሐፉ ተገለበጠ፤ ከሱም ጋር አንድ ቀልድ ተያይዞ ዞረ። ወንዝ የወደቀ ስኮትላንዳዊ (አንዳንዴም አይርላንዳዊ) «አይ ዊል ድራውን፤ ኖባዲ ሻል ሴቭ ሚ» እያለ ይጮኻል። በራሱ አነጋገር «መስጠሜ ነው፤ የሚያድነኝ የለም» ማለቱ ነበር። በዳር የቆሙት እንግሊዛውያን ግን በዎሊስ ሕግ መሠረት «መስጠም እፈልጋለሁ፤ ማንም እንዳያድነኝ» ብለው ሰሙትና ፈቃዱን አክብረው ተዉት። ቀልዱ የተነገረው በስኮትላንዳውያኑ ለመሳቅ ነው። በ1925 ቻርልስ ፍራይስ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ለብዙ ዘመን የተጻፉ ተውኔቶችን አገላብጦ ሲያይ ግን እንግሊዛውያኑም ያን ሕግ ሲከተሉት እንዳልነበር አሳየ፤ በአንደኛ መደብም «ዊል» ሲበዛ አገኘው።

ዎሊስ ኦክስፎርድ ተቀምጦ ይህን በሚጽፍበት ጊዜ በጀርመን ጎታ ከተማ ሌላ የሰዋስው ሥራ ይካሄድ ነበር። በ1652 የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ ኤርንስት ግብዣ ወደዚያ ሄደው ለጀርመናዊው ምሁር ለኢዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ያስረዱት ነበር። የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስው በ1661 በለንደን፣ የአማርኛው በ1698 በፍራንክፈርት ታተመ፤ ሁለቱም የተጻፉት በላቲን ነው። አባ ጎርጎርዮስ የአንዱንም መታተም አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ መርከባቸው ተሰብሮ አረፉ። በአገራቸው በቅኔ ቤት ግን የግስ ትምህርት ላቲንን አልጠበቀም። መምህራኑ ግሱን ቀዳማይ፣ ካልኣይ፣ ሣልሳይ እያሉ በመልኩ ተራ ያወርዱታል፤ «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል» እንዲሉ። ካልኣዩ የአሁኑንም የሚመጣውንም ይሸከማል፤ ሁለቱን ለመለያየት ብሎ ዓምድ የጨመረ መምህር የለም። እንግሊዛውያኑም ከዎሊስ ሁለት ጊዜ ብቻ አለ የሚለውን ግማሽ ቢወስዱ የተሻለ ነበር።

በ1761 እና በ1762 ሁለት መጻሕፍት ተከታትለው ወጡ። የመጀመሪያው የጆሴፍ ፕሪስትሊ ነው፤ በኋላ በ1774 ኦክስጅንን ለይቶ ያወጣው ሰው። ፕሪስትሊ እንግሊዝኛ ግሱን ለወደፊት ስለማይለውጥ የወደፊት ጊዜ አለው ማለት የላቲንን ሥርዓት በሙሉ አምጥቶ እንደመጫን ነው ሲል ተከራከረ። ሁለተኛው የሮበርት ሎውዝ ነው፤ በኋላ የለንደን ጳጳስ ሆኗል። ሎውዝ ጊዜን በሦስት ከፍሎ እያንዳንዱን ደግሞ ያልተወሰነና የተወሰነ አለው፤ ያልተወሰነው ረድፍ እወዳለሁ፣ ወደድኩ፣ ወደፊት እወዳለሁ የሚለው ሲሆን ለሦስተኛው «ሻል» አስገባበት። ዛሬ ሲምፕል የሚባለው ሦስትዮሽ መልኩን የያዘው እዚህ ነው። በህንድ ትምህርት ቤቶች ሲምፕል ፕረዘንትን እስከ ዛሬ «ፕረዘንት ኢንዴፊኒት» የሚሉት አሉ።

ኬሚስቱ ልክ ነበር፤ ጳጳሱ አሸነፈ። ምክንያቱ ከማስረጃ ይልቅ ከክፍል ይገኛል። የዘመኑ ወላጅ ልጁን እንግሊዝኛ ሰዋስው የሚያስተምረው አብዛኛውን ጊዜ ለላቲን እንዲያዘጋጀው ነው። ላቲን ሦስት ዓምድ ካለው እንግሊዝኛውም ሦስት ቢኖረው ይቀላል። ደግሞም ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ ብሎ የሚያስተምር መምህር ሁለት ብቻ ነው ብሎ ከሚያስተምረው ይልቅ የሚሰማው ያገኛል።

ዓምዱን በዓለም ላይ የበተነው ግን ሊንድሊ ሙሬይ ነው። በ1745 በፔንሲልቬኒያ የተወለደ፣ በኒውዮርክ በጥብቅናና በንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ጤናው ሲታወክ በ1784 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በዮርክ አጠገብ ሆልጌት በምትባል ቦታ ተቀመጠ፤ እየቆየም መራመድ ተሳነው። በከተማዋ ያለ የኩዌከሮች የሴት ልጆች ትምህርት ቤት መምህራት ደህና መጽሐፍ ጻፍልን ብለው ለመኑት። በ1795 የታተመው ሰዋስው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቅጂዎች በብሪታንያና በአሜሪካ ተሠራጨ። ሙሬይ ሎውዝን ተከትሎ፣ ጊዜያቱንም ስድስት አድርሶ፣ ልጆች ግሱን ከአንደኛ መደብ እስከ ሦስተኛ በቃል እንዲያዘንቡት አደረገ። ስሙ ምን ያህል እንደገነነ ዲከንስ በ1840 እና 41 በጻፈው ልብ ወለድ ይታያል፤ የሰም ምስሎች የምታሳይ አንዲት ሴት የትምህርት ቤት ደንበኞች ሊመጡባት ሲሆን ግሪማልዲ የተባለውን የቀልደኛ ምስል አልባሳት ለውጣ ሙሬይ ሰዋስውን ሲጽፍ ነው ትላለች።

በ1878 ማክሲሚሊያን በርሊትዝ በሮድ አይላንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ትርጉምም የቃል ዝርዝርም ሳይኖር በዚያው ቋንቋ እያሳዩ ማስተማር ተስፋፋ። ከ1922 ጀምሮ ሃሮልድ ፓልመር በጃፓን ይህንኑ መንገድ በጥናት አበለጸገው። አዲሱ ዘዴ አንድ ያልታሰበ ነገር አወጣ። መምህሩ ወደ በሩ እየተራመደ የሚያደርገውን ሲናገር የሚወጣው ኮንቲንዩየስ የሚባለው መልክ፣ «አይ አም ዎኪንግ»፣ ነው። «አይ ዎክ» የሚለውን በእግር ማሳየት አይቻልም፤ ልማድን፣ ሁልጊዜ እውነት የሆነን ነገርና የባቡር ሰዓትን የሚናገር ነውና። ሲምፕል የተባለው ጊዜ ለማሳየት ከሁሉም የከበደ ሆነ፤ የኮንቲንዩየሱ ትምህርት ቀድሞት ማለፍ ጀመረ።

በኢትዮጵያ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ዋና የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1941 በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ፤ ከ1962 ጀምሮም የሰላም ጓድ አሜሪካውያን መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ገቡ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተሰመረው ያው የሎውዝና የሙሬይ ዓምድ ነበር። የአማርኛ ተናጋሪው ችግር ግን በሦስተኛው ዓምድ ላይ ብቻ አልነበረም። ከውጭ ሲጠሩት ገና ጫማውን እያጠለቀ «መጣሁ!» የሚል ልጅ፣ ከወዳጁ ተነሥቶ ሳይወጣ «በል ሄድኩ» የሚል ሰው፣ ያለፈውን መልክ ለሚመጣው ያውለዋል። ያንኑ በእንግሊዝኛ «አይ ኬም!» ሲል መምህሩ የት ደርሰህ ነው የመጣኸው ብሎ ግራ ይጋባል።

በዚህ መሀል ነገን ለማመልከት ከ«ሻል» እና ከ«ዊል» ሌላ አንድ ሦስተኛ መንገድ ከታች አድጎ ነበር። በ1646 ጆሽዋ ፑል የተባለ መምህር ለላቲን ተማሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ «ጎይንግ ቱ» የሚመጣ ነገር ምልክት መሆኑን አመልክቷል። ለብዙ ዘመን የሰዋስው ጸሐፊዎች አለፉት፤ ሰው ግን እየለመደው ሄደ፤ ዛሬ በንግግር አጥሮ «ጎና» ሆኗል።

በ1985 በአንድ ዓመት ሁለት ትላልቅ መጻሕፍት ታተሙ። ራንዶልፍ ኩዌርክና ባልደረቦቹ ያወጡት ግዙፍ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ቋንቋው የአሁንና ያለፈ ጊዜ ብቻ እንዳለው፣ የወደፊት የሚባል የግስ ጊዜ እንደሌለው አስቀመጠ። ሁለተኛው የሬይመንድ መርፊ የመለማመጃ መጽሐፍ ነው፤ በየአገሩ ራሳቸውን የሚያስተምሩ ሰዎች ይዘውት ይዞራሉ። መርፊ ከምሁራኑ ክርክር አልገባም። መጽሐፉ የሚከፈተው በኮንቲንዩየሱ ነው፤ ሲምፕል ፕረዘንት ሁለተኛ ይመጣል። ስለ ወደፊት የሚናገረው ክፍል ላይ ሲደርስም ቀድሞ የሚያስተምረው የአሁኑን ግስ ለነገ ማዋልን ነው፤ ከዚያ «ጎይንግ ቱ» ይከተላል፤ የዎሊስ «ዊል» እና «ሻል» ተራቸው የሚደርሳቸው ከዚያ በኋላ ነው።